ሰዓቱን ትቶ ርቀቱን መከተል

በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ተማሪ ሁሉ የሚሸመድዳት ቀመር አለች፤ የመጨረሻው ፍጥነት ስኩዌር የሚገኘው በመነሻው ፍጥነት ስኩዌር ላይ የአክስለሬሽንና የርቀት ብዜት ሁለት እጥፍ ሲደመር ነው የምትለው። ከጠረጴዛ ለወደቀ ብርጭቆ ትበቃለች። ለተለጠጠ ሞላ ግን አትሆንም፤ ሞላው በተመለሰ ቁጥር ጉተታው እየላላ፣ አክስለሬሽኑም እየቀነሰ ይሄዳልና።

አክስለሬሽን የሚነግረን ፍጥነት በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ነው። ሞላው ደግሞ ሰከንድ አያውቅም፤ የሚያውቀው ስንት ሴንቲሜትር እንደተለጠጠ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰከንዱን በሜትር መተካት ያስፈልጋል። ፍጥነት በአንድ ሜትር የሚለወጠውን ያህል ወስደን በሰከንድ በሚሄደው ሜትር ብናባዛው በሰከንድ የሚለወጠውን እናገኛለን። በሰከንድ የሚሄደው ሜትር ደግሞ ሌላ ነገር አይደለም፣ ራሱ ፍጥነቱ ነው። ይህን ከመነሻ እስከ መድረሻ ኢንተግሬት ብናደርገው ጊዜ ከስሌቱ ይወጣል፤ በአክስለሬሽንና በርቀት ግራፍ ሥር ያለው ስፋት የፍጥነት ስኩዌር ግማሽ ምን ያህል እንደተለወጠ ይሰጠናል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 በታተመው ፕሪንኪፒያ፣ በአንደኛው መጽሐፍ 39ኛ ሐሳብ ላይ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ያውም በሥዕል። የዛሬ መማሪያ መጻሕፍት በአንድ መስመር የሚያልፉትን እሱ በዓይን እንዲታይ አድርጎታል።

በቁጥር እንየው። 2 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ሰበቃ በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ከሞላ ጋር ታስሮ 10 ሴንቲሜትር ተስቦ ተለቀቀ እንበል። የሞላው ጥንካሬ በሜትር 200 ኒውተን ነው። ሲለቀቅ አክስለሬሽኑ 10፣ መሐል ሲደርስ 0 ነው። ግራፉ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ስፋቱ 0.5 ይሆናል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ልክ 1 ሜትር። የተሸመደደችው ቀመር 1.4 ትል ነበር።

ስበት ላይ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። ከምድር ገጽ አንድ ሬዲየስ፣ ማለትም 6,371 ኪሎ ሜትር ከፍ ብንል ከመሐሉ ያለን ርቀት እጥፍ ስለሚሆን 9.8 የነበረው አክስለሬሽን ወደ ሩቡ ይወርዳል። አየር ባይኖር ከዚያ የተለቀቀ ድንጋይ ምድር ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 7.9 ኪሎ ሜትር ነው። አሮጌዋ ቀመር 11.2 ትላለች። የሚገርመው ይህ የተሳሳተ መልስ ታዋቂ ቁጥር መሆኑ ነው፦ ከምድር ስበት ለማምለጥ የሚያስፈልገው ፍጥነት። አጋጣሚ አይደለም። እየሳሳ ማለቂያ ወደሌለው ርቀት የሚዘረጋው የስበት ግራፍ በሥሩ ያለው ስፋት ሁሉ ቢደመር፣ 9.8 ሳይቀንስ አንድ ሬዲየስ ብቻ ቢዘልቅ ከሚኖረው ስፋት ጋር እኩል ነው። መንገዱ ማለቂያ የለውም፤ ዋጋው ግን አለው። በጃንዋሪ 1959 የሶቪየቷ ሉና 1 ይህን ዋጋ ከፍላ በጨረቃ አጠገብ አልፋ ፀሐይን መዞር ጀመረች።

«ስንት ሰከንድ ፈጀ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሞላው በርቀት ሲታይ አማካይ አክስለሬሽኑ 5 ነው፤ 1ን ለ5 አካፍሎ 0.2 ሰከንድ የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ትክክለኛው 0.157 ገደማ ነው። ዕቃው ሲነሳ ዝግ ስለሚል ብዙውን ጊዜ የሚያሳልፈው ጉተታው በሚበረታበት ቦታ ነው፤ በጊዜ ሲታይ አማካዩ ከ5 ይበልጣል። ስለዚህ ጊዜን ለማግኘት በየቦታው የተገኘውን ፍጥነት ይዞ እንደገና ኢንተግሬት ማድረግ ግድ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አስቸጋሪ ነው። ለስበት ግን የኬፕለር ሕግ አቋራጭ ይሰጣል፤ ቀጥታ መውደቅን እጅግ የጠበበ ኤሊፕስ አድርጎ መቁጠር ይቻላል። በ27.3 ቀን ምድርን የምትዞረው ጨረቃ ድንገት ቀጥ ብትል፣ በዚህ ስሌት ከአምስት ቀን ጥቂት ባነሰ ጊዜ ምድር ላይ ትወድቃለች።