በሥራ መካከል ስለ ማረፍ

ሥራን የሚወድ ሰው ለማረፍ ባሰበ ጊዜ ኅሊናው ይወቅሰዋል። ከማለዳ እስከ ማታ ቀና ሳይል የዋለ «ትጉህ» ይባላል፤ በሥራ ሰዓት ቁጭ ብሎ የተገኘ ግን «ሰነፍ» እንዳይሉት ይሠጋል። የሆነ ሆኖ የሰው አእምሮ እንደ ወፍጮ ድንጋይ አይደለም፤ ሳያቋርጥ ስለ ዞረ ዱቄቱ አይበዛለትም። ይልቁንም አዲስ ሐሳብ የሚፈልግ ሥራ፥ ጽሕፈትም ቢሆን፥ ሽመናም ቢሆን፥ ትምህርትም ቢሆን፥ በመካከሉ ዕረፍት ካላገኘ ፍሬው ይቀጭጫል። ይህንንም ለመረዳት የቡና አገር የሆነችውን ከፋን መመልከት ይበቃል።

የከፋ ዞን ዋና ከተማ ቦንጋ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ ከጅማ ወዲያ፥ በደንና በኮረብታ መካከል ትገኛለች። በዙሪያዋ ባለው ደን ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ስለዚህም ዩኔስኮ በ2010 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ከፋን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል። የአገሩ ሰዎች ቡናን በቋንቋቸው «ቡኖ» ይሉታል።

የደን ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሆኖ ቀስ ብሎ ይበስላል። የአበባውም እንቡጥ እንደ ወጣ ወዲያው አይፈነዳም፤ በደረቁ ወራት እንዳንቀላፋ ይቆያል። ዝናብ ከነካው በኋላ ግን በዐሥር ቀን ያህል ውስጥ ዛፉ ነጭ አበባ ለብሶ አካባቢውን በመዓዛው ይሞላዋል። በደረቁ ወራት ያየው ሰው ዛፉ ሥራ የፈታ ይመስለዋል፤ እንቡጡ ግን ለመፈንዳት የሚዘጋጀው በዚያው ጊዜ ነው።

የዚህ ዛፍ ፍሬ በአገራችን የዕረፍት ሰዓት ምልክት ሆኗል። በቀድሞ ዘመን ብዙ ክርስቲያኖች ቡና አይጠጡም ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ግን ልማዱ በክርስቲያኑም ቤት እየተስፋፋ ሄደ። ዛሬ ቡናው ተቆልቶ፥ ተወቅጦ፥ አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪባል ድረስ ጎረቤት ተጠራርቶ ይቀመጣል። የሚቸኩል ሰው ይህን ጊዜ እንደ ጠፋ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ከመጠጡና ከመቀመጡ የሚያሳርፈን የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰው ነቅቶ ሲሠራ በአንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየተከማቸ ይሄዳል፤ ድካምና እንቅልፍ እንዲሰማን ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ እርሱ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን ማረፊያ ቀድሞ ስለሚይዝበት ድካሙ ለጊዜው አይሰማንም። እንግዲህ ቡና ድካምን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። አእምሮ በእውነት የሚያርፈው ሥራውን አስቀምጦ በመቀመጡ፥ በመጨዋወቱ፥ ወይም ዝም በማለቱ ነው። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቈይ ቤተ ሰብም ቡናውን ያዘገያል እንጂ ለጥቂት ጊዜ ቁጭ ማለትን ማዘግየት አያስፈልገውም።

ይህን ነገር ሊቃውንት በፈተና ተመልክተውታል። በ2021 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር በፓሪስ የሚገኙ የአንጎል ተመራማሪዎች ለ103 ሰዎች የቍጥር ጥያቄ ሰጡ። በጥያቄው ውስጥ ሥራውን በእጅጉ የሚያሳጥር የተሰወረ ብልሃት ነበረበት፤ ይህንንም አልነገሯቸውም። ሰዎቹ ጥቂት ከሠሩ በኋላ ለ20 ደቂቃ ጋደም ብለው ዐረፉ። ወደ ሥራው በተመለሱ ጊዜ በዕረፍቱ ሰዓት ለአንድ አፍታ ያህል ሸለብ ካደረጋቸው መካከል 83 ከመቶው ብልሃቱን አገኙት፤ ነቅተው ከቈዩት ግን 30 ከመቶው ብቻ ናቸው። ጠለቅ ያለ እንቅልፍ የወሰዳቸው ደግሞ ከነቁትም የተሻሉ አልሆኑም። ስለዚህ የጠቀመው ጠለቅ ያለ እንቅልፍ ሳይሆን በዕረፍቱ መካከል የመጣው ቀላል ሸለብታ ነው።

ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ከማረፋቸው በፊት ሠርተዋል፤ በጥያቄው ላይ ደክመውበታል። ምንም ያልዘራ ማሳ ጾሙን ቢያድር አያበቅልም።

ከራሳችን ታሪክም ተመሳሳይ ምሳሌ እናገኛለን። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፥ ከአጎቱ ከመምህር ጌዴዎን ቅጣት ሸሽቶ ሲሄድ በአንድ ዛፍ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ስትታገል፥ እየወደቀችም ደጋግማ ስትሞክር፥ በመጨረሻም ስትወጣ እንዳየ ገድሉ ይነግረናል። ከዚህ ታሪክ ሁልጊዜ ለልጆቻችን የምናስተምረው ጽናትን ነው፤ ትክክልም ነው። ሆኖም ያሬድ ትሊቱን ያያት በዛፉ ጥላ ሥር በመቀመጡ ነው። በመንገዱ እየሮጠ ቢያልፍ ኖሮ ባላያትም ነበር።

ዕረፍት ሥራን እንደማይጎዳ በፍርድ ቤትም የተመሰከረበት ጊዜ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ አገር በዴንቨር ከተማ አንድ የክራባት መሸመኛ ቤት ወጣት ሸማኔዎቹ ወደ ጦርነት ስለ ሄዱ ሴቶችን ቀጠረ። ሥራው ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጥለት ስለ ነበረበት ሴቶቹ ደከሙ፤ በቀን ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ዕረፍትና ቡና እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። ከተፈቀደላቸው በኋላ ሥራቸው በዛ። ነገር ግን ባለቤቱ ያረፉበትን ሰዓት ደመወዝ አልከፍልም ስላለ ጉዳዩ ለፍርድ ቀረበ። በ1956 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዕረፍቱ ለአሠሪውም የሚጠቅም ስለ ሆነ እንደ ሥራ ሰዓት ተቈጥሮ ይከፈልበት ሲል ፈረደ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ቡና ሲፈላ ሁሉም ያርፋል ብለናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እሳቱን የምታነድ፥ የምትቈላ፥ የምትወቅጥ፥ ሲኒውን የምታጥብ እናት ወይም እኅት በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ላይ ናት። እርስዋም አዲስ ሐሳብ የሚያሻው ሥራ አላት፤ የስፌቱን ጥለት የምታወጣ፥ በጥቂት ገንዘብ ብዙ ሰው የምትመግብ፥ የልጆቹን ጠባይ እያየች መላ የምትፈልግ እርስዋ ናት። አባት ሲኒውን ቢያጥብ፥ ወንዱም ልጅ ቢወቅጥ ክብራቸው አይቀንስም። የአንዱ ዕረፍት በሌላው ድካም ላይ የተመሠረተ ከሆነ፥ ቤተ ሰቡ ዐረፈ አይባልም።

ስለዚህ በየቤቱ ይህን ብንለምድ ይበጃል። አስቀድመን ሐሳብ እስኪያልቅብን እንሥራ፤ ከዚያም ሥራውን በእውነት እናስቀምጠው። ዐሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ይበቃል። በዚህም ጊዜ የእጅ ስልካችንን እናርቀው፤ በወሬው ላይ ያፈጠጠ ዐይን አላረፈምና። የሚያጠና ልጅ ደብተሩን ዘግቶ ደጅ ቢወጣ ወዲያው አንቈጣው፤ ሲመለስ ግን ያቆመበትን እንዲቀጥል እንጠይቀው። ደግሞም በብዙ ሰው ዘንድ ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም በሰውነታችን ውስጥ ይገኛል። በዐሥራ አንድ ሰዓት የጠጣ ሰው ማታ በአራት ሰዓት ገና ከግማሹ ጋር ይተኛልና፥ የቀኑን መጨረሻ ሲኒ ቀደም እናድርገው።

የሠራ ሰው በመካከሉ ቢያርፍ የሚያፍርበት ነገር የለም። በቦንጋ ደን ያለው ቡና ወራቱን ጠብቆ ያብባል፤ እኛም ከድካማችን በኋላ ለአእምሮአችን የሚገባውን ጊዜ እንስጠው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዛሬ ቡናው ሲቀርብ፥ ያልተቀመጠ ሰው በቤታችን ይኖር እንደ ሆነ ዞር ብለን እንመልከት።