ስለ ቮልስዋገን የኋላ መስኮት

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ አሮጌዋ ቮልስዋገን የኋላ የጎን መስኮት ነው። ነገሩ ከንቱ ቢመስልም፥ ለዓመት ፈቃዱ ቤተ ሰቡን ይዞ ከአዲስ አበባ በቡሬ በኩል እስከ ዱርቤቴ የተጓዘ ሠራተኛ ከንቱ አለመሆኑን ያውቀዋል።

የዚህች መኪና በሮች ሁለት ብቻ ናቸው። ከኋላ ለመቀመጥ የሚሻ ሁሉ የፊተኛውን ወንበር አጥፎ ይሾልካል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ የተቀመጡት በዚሁ ዓይነት መኪና የኋላ ወንበር ላይ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ከፊት ያለው ሰው መስተዋቱን በእጁ አዙሮ ዝቅ ያደርጋል፤ በኋለኛው ወንበር ያለው ግን፥ የጎኑ መስተዋት በጎማ ተይዞ የተተከለ ስለ ሆነ፥ በእርሱ ያያል እንጂ ሊከፍተው አይችልም።

የጎጃም መንገድ ይህን ጉድለት አጉልቶ ያሳያል። ከጎሐ ጽዮን ደጋ ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ታቆለቁላላችሁ፤ ብርዱም በቆላ ሙቀት ይለወጣል። ያን ጊዜ የፊቱ መስተዋት ቢከፈት ነፋሱ ከኋላ የተቀመጡትን እናት ፊታቸውን ይመታቸዋል፤ እርሳቸውም «ልጄ፥ ዝጋው፤ ነፋስ ይመታኛል» ይላሉ። ቢዘጋም ሕፃኑ በሙቀቱ ታፍኖ ያስመልሰዋል። ታዲያ ማንን እናስደስት?

የሁለቱን ክርክር የሚያስታርቀው የአየር ጠባይ ነው። አየር መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም ይሻልና። ጭስ የመላበት ጎጆ በሩ ብቻ ቢከፈት ቶሎ አይጠራም፤ በወዲያኛው በኩል ቀዳዳ ሲያገኝ ግን ይጠራል። መኪናም እንዲሁ ነው። የኋላው መስኮት በፊተኛው ጠርዙ በማጠፊያ ተይዞ፥ በኋለኛው ጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ሲከፈት፥ በጎኑ የሚያልፈው ነፋስ የውስጡን አየር ስቦ ያወጣዋል። እንግዲህ የፊቱን መስተዋት ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ እናትም በነፋስ አይመቱም።

እንዲህ ያለውን መስኮት ፋብሪካው ራሱ ለአንዳንድ ሞዴሎች ይሠራ ነበር። መኪናዋ በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 2003 ድረስ በሜክሲኮ ስትሠራ ስለ ቆየች ቍጥሯ ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሷል፤ ስለዚህም ዕቃዋ ዛሬም ይገኛል። ነገር ግን ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናችሁን ዘመን እወቁ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1965 ሞዴል ጀምሮ መስኮቶቿ ስለ ሰፉ፥ የፊተኛው ዘመን ለኋለኛው አይሆንም። የቀኙና የግራውም እንደ ጫማ የተለያዩ ናቸው።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። አንድ ሰው ከውስጥ አሮጌውን ጎማ በጥንቃቄ ቆርጦ መስተዋቱን ሲገፋ፥ ሌላው ከውጭ በጨርቅ ይቀበለው። ከጎማው ሥር ዝገት ቢገኝ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ፤ ላሜራው ተበልቶ እንደ ሆነ ግን ለባትላሜራ ይሰጥ። ከዚያ አዲሱ ጎማ ይገባና መስኮቱ በቦታው ተለክቶ፥ የማጠፊያው ብሎን የሚገባበት ነጥብ በበሩ ምሰሶ ላይ ምልክት ይደረግበት። ቀዳዳው አስቀድሞ በቀጭን ትራፓኖ ይበሳ፤ የተበሳው ጠርዝም ቀለም ይነካ፤ አለዚያ ዝገት ከዚያው ይጀምራል። ብሎኖቹ በመጀመሪያ ላላ ብለው ይታሰሩ፤ መቀርቀሪያው ከተተከለና መስኮቱ ከተስተካከለ በኋላ ይጥበቁ።

መፈተኛውም ቀላል ነው። ብጣሽ ወረቀት ከጎማውና ከመስኮቱ መካከል አድርጋችሁ ዝጉ፤ ወረቀቱ ሲሳብ በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ በዚያ በኩል ላልቷል። ቀጥሎም ውኃ አፍስሱበት፤ የሐምሌ ዝናብ ከመፈተኑ በፊት እናንተ ፈትኑት።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የዚህች መኪና ሞተር ከኋላ ነው፤ የማሞቂያዋም አየር የሚሞቀው በጭስ ማውጫው ትኩሳት ነው። ማሞቂያው ዝጎ ቢበሳ፥ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጭስ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ራሴን አመመኝ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ ቢል፥ መኪናዋን አቁሙ፤ ሁሉንም አስወርዱ፤ ማሞቂያዋም ሳይመረመር ጉዞውን አትቀጥሉ። መስኮት መክፈት የተበሳን ዕቃ አይጠግንምና። እንዲሁም በአቧራ መንገድ ከጭነት መኪና ኋላ ስትሄዱ መስኮቱን ዝጉት።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ ስለዚህ በእጅ ያለውን አሮጌ መንከባከብ ብልህነት ነው። ይሁን እንጂ መኪና ማለት መሪውን ለያዘው ብቻ አይደለም። ወደ ዱርቤቴ ስትደርሱ ደኅንነታችሁ የሚታወቀው ከኋለኛው ወንበር በሚወርዱት ሽማግሌና ሕፃን ፊት ነው።