የዱር መንጋ በምን ያገግማል?

መርጡለ ማርያም ያለችበት የጎጃም አገር ከ1880 ዓ.ም. በኋላ የመጣውን ክፉ ቀን አይረሳም። የከብቱ በሽታ ስሙ ደስታ፥ ግብሩ ግን ሐዘን ነበር። በበሬው ብቻም አላበቃ፤ አንዲት ጥይት ሳትተኮስ ጎሽና አጋዘን በየዱሩ ረገፉ።

አዳኝ የመንጋን ማገገም የሚያውቀው በዱካ ነው፤ ከእናቲቱ ኮቴ አጠገብ የግልገል ኮቴ ሲበዛ ዱሩ ዳነ ይላል። ምክንያቱ ግን በረት ውስጥም ይገኛል። በታንዛኒያ፥ በሴሬንጌቲ ዙሪያ ያለው ከብት በመከተቡ ደስታ ከዱሩም ጠፋ፤ በ1953 ዓ.ም. ሩብ ሚሊዮን ያህል የነበረው የዊልደቢስት መንጋ በሃያ ዓመት ውስጥ ከሚሊዮን በላይ ሆነ። በሽታው ከዓለም መጥፋቱም በ2003 ዓ.ም. ታወጀ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከብት የሚያስከትብ ገበሬና እናቲቱን የማይተኩስ አዳኝ የአንድ ዱር ጠባቂዎች ናቸው።