የእግር አውራ ጣት መገጣጠሚያና የጅማቱ ጉዳት

ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣ እግረኛ ተረከዙን ባነሣ ቁጥር፣ የእግሩ አውራ ጣት መሬት እንደያዘ ከሥሩ ይታጠፋል። አቀበቱ ሲበረታ እጥፋቱም ይጨምራል። ይህን ጫና ዕድሜ ልኩን የሚችል መገጣጠሚያ ሲጎዳ «ጣት ናት፣ ትድናለች» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

በመገጣጠሚያው ላይ ከመሃል እግር የሚመጣው ረጅም አጥንት ክብ ጫፍ ከጣቱ አጥንት ጎድጓዳ ጫፍ ጋር ይገናኛል። ጎድጓዱ ጥልቀት ስለሌለው መገጣጠሚያውን በዋናነት የሚያጸኑት ጅማቶች ናቸው። የጎን ጅማቶች ጣቱን ከግራና ከቀኝ ይይዙታል። በውስጥ እግር በኩል ያለው ወፍራም የጅማት ንጣፍ ደግሞ ጣቱ ከልክ በላይ ወደ ላይ እንዳይቀለበስ ያግደዋል። ከንጣፉ ጋር አተር የሚያካክሉ ሁለት አጥንቶች ተያይዘዋል፤ ክብደት ይሸከማሉ፣ ጣቱን ወደ ታች ለሚያጥፈው ጡንቻም ጉልበት ይጨምራሉ።

ንጣፉ የሚጎዳው ጣቱ መሬት ላይ እንደተተከለ በኃይል ሲቀለበስ ነው፤ ለምሳሌ አንድ ተጫዋች ተረከዙን አንሥቶ ሳለ ሌላው ከኋላ ሲወድቅበት። ባወርስና ማርቲን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. ጉዳቱን ከሰው ሠራሽ ሜዳ ጠንካራነትና በቀላሉ ከሚተጣጠፍ ጫማ ጋር አያይዘው ገልጸውታል። በሸራ ጫማ እንዲህ ባለ ሜዳ ለሚጫወቱ የከተማችን ወጣቶችም ስጋቱ ያው ነው።

ጉዳቱ ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ጅማቱ ይለጠጣል፤ ሕመም ቢኖርም መራመድ ይቻላል። በሁለተኛው በከፊል ይበጠሳል፤ ጣቱ ያብጣል፣ ይበልዛል፣ ያስነክሳል። በሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ይበጠሳል፤ እግሩን መርገጥ እጅግ ያሳምማል፣ ማገገሙም ወራት ይወስዳል።

ጉዳቱ እንደደረሰ ጣቱን መጎተትም ሆነ ማሸት የጅማቱን መበጠስ ሊያባብሰው ይችላል። እግሩን አሳርፎ ከፍ ማድረግ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለአጭር ጊዜ መያዝ፣ ጣቱ እንዳይታጠፍ በፕላስተር ማሰርና ሶሉ ደንዳና የሆነ ጫማ ማድረግ ይጠቅማል። መርገጥ ያቃተው ሰው እንደ ጥቁር አንበሳ የአጥንት ሐኪሞች ወዳሉበት ሆስፒታል ይሂድ። የሁለቱም እግሮች ራጅ ሲነጻጸር ትንንሾቹ አጥንቶች ከቦታቸው ወደ ኋላ ሸሽተው ከተገኙ ንጣፉ መበጠሱን ይጠቁማል፤ ቀዶ ጥገናም ሊያስፈልግ ይችላል። ምንም ሳይመታው በድንገት ቀልቶ ያበጠ ጣት ግን ሪህ ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምርመራ ይሻል።

በወጉ ያልታከመ ጅማት መገጣጠሚያውን ለዘለቄታው ሊያደነድነው ይችላል። ስለዚህ ወደ ሜዳ የመመለሻው ጊዜ እብጠቱ የጎደለበት ቀን ሳይሆን፣ ጣቱ ያለ ሕመም ታጥፎ በእግር ጣቶች መቆምና መሮጥ የተቻለበት ቀን ነው።