ካርቶኑ ሲወደድ፣ ባቡሩ ሲረክስ

ከሽቱትጋርት ብዙም በማትርቀው ጎፒንገን በተባለች የጀርመን ከተማ ማርክሊን የሚባል የመጫወቻ ባቡር ፋብሪካ አለ። በ1859 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራ ሲጀምር የሚሠራው ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆን የቆርቆሮ የማድቤት ዕቃ ነበር። በ1891 ላይፕሲግ በተደረገው የንግድ ትርዒት ላይ ግን በሐዲድ የሚሄድ ባቡር ይዞ ቀረበ። ብልሃቱ የሐዲዱን ስፋት በቁጥር መወሰኑ ላይ ነው። ዘንድሮ ሎኮሞቲቭ የተገዛለት ልጅ ለከርሞ ፉርጎ ያምረዋል፤ ከዚያ ደግሞ ተጨማሪ ሐዲድ። ሁሉም ከቀድሞው ጋር ይገጥማልና አባትየው በየዓመቱ ኪሱን ይዳብሳል። የሰብሳቢነት አመል የተጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ዛሬ በብዛት የሚሰበሰበው ኤችኦ የሚሉት መጠን ነው፤ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል፣ የሐዲዱም ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛን ባቡር በዚህ መጠን ልሥራ ለሚል ሰው ሒሳቡ ሁለት ዓይነት ይሆናል። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ87 ሲካፈል ልክ ይመጣል። የድሮው፣ የእነ ድሬዳዋው፣ ግን 1 ሜትር ነበር፤ ለሱ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ለብቻ መግዛት ግድ ነው።

ገዢ ከዋጋው በፊት ሎኮሞቲቩን ገልብጦ ሆዱን ይይ። የማርክሊን ከሆነ ከሥሩ ረዘም ያለ ስስ ብረት ተጋድሞ ያገኛል። ይህ ብረት በሐዲዱ መሃል የተደረደሩትን ጥቃቅን ነጥቦች እየዳሰሰ ኤሌክትሪክ ይቀበላል፤ ጎማዎቹ መልሰው ያወጡታል። የሌሎቹ ፋብሪካዎች ባቡር በአብዛኛው ከግራና ከቀኝ ሐዲድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ሁለቱ አይጋቡም፤ የማርክሊኑን እዚያ ላይ ቢያስቀምጡት ሾርት ያደርጋል። የድሮዎቹ ማርክሊኖች አቅጣጫ የሚቀይሩበት መንገድም የራሳቸው ነው። የትራንስፎርመሩን እጀታ ከዜሮ ወደ ኋላ ሲጫኑት 24 ቮልት ያህል ለአፍታ ይለቃል፣ ውስጥ ያለው መቀየሪያ ቀጭ ይላል፣ አንዳንዴም ሎኮሞቲቩ ደንግጦ ዘለል ይላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በዚያው ሰሞን የተሠሩትን ለሚገዛ ሰው ደግሞ ማጉያ መነጽር አይለየው። አካላቸው ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጸ ነው። ቅይጡ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ከገባበት ብረቱ በዓመታት ውስጥ ያብጣል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል፣ በመጨረሻ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም። ቀለሙ ገና ያብረቀርቅ ይሆናል፤ ጎኑ ጎበጥ ካለ ግን እጅን መሰብሰብ ነው።

ከሁሉ የሚፈለገው አዞ የሚሉት ነው። መነሻው የስዊዘርላንድን የጎትሃርድ ተራራ መስመር ይወጣ የነበረው ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሲሆን ከፊትም ከኋላም ረጅም አፍንጫ አለው፤ ኩርባ ላይ ወገቡ ይተጣጠፋል። ማርክሊን የኤችኦውን አዞ ያወጣው በ1947 ነው። የድሮ አዞ ከነካርቶኑ ሲገኝና ያለ ካርቶኑ ሲገኝ ዋጋው አንድ አይደለም። ካርቶን በልጆች እጅ ተቀዶ የሚጣል ነገር ስለነበር ዛሬ ብርቅ ሆነ፤ ባዶውን ብቻ የሚገዙም አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለመሸጥ ካልሆነ በቀር ለወረቀት ያን ያህል ማውጣት አይገባኝም።

ለጀማሪ የምመርጠው ባለ 3000 ቁጥሯን ትንሿን ጥቁር ሎኮሞቲቭ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት በብዛት ስለተመረተች የትም ትገኛለች፣ ርካሽም ናት። ሻጩ «አልተሞከረም» ካለ አትሄድም ማለቱ እንደሆነ ቆጥራችሁ ተከራከሩ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ሞተሩ ላይ የደረቀ ዘይት ነው። ክዳኗ በብሎን ይፈታል፤ ሙጫ የመሰለውን ቡናማ ዝቃጭ ጠርጎ አዲስ ዘይት ጠብ ማድረግ ነው፤ ብዙ ከፈሰሰ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ከሰል ያበላሻል። ከዚያም እንቢ ካለች ከሰሉ አልቆ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ በትንሽ ገንዘብ ይቀየራል።