ስህተት አእምሮ ያሳድጋል?

«በተሳሳታችሁ ቁጥር አእምሯችሁ ያድጋል» የምትለው አባባል ከአነቃቂ ተናጋሪዎች አፍ አትጠፋም። ለወደቀ ተማሪ ማጽናኛ መሆኗ ደግ ነው፤ በሳይንስ ስም መነገሯ ግን ይብቃ።

አእምሮ የሚማረው የነርቭ ሴሎችን ግንኙነት በመለዋወጥ ነው፤ ይህን እንለፈው። ጉዳያችን እንቅስቃሴን ከስህተት የሚያርመው፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ያለው ትንሹ አንጎል፣ ሴሬብለም፣ ነው።

መንዝ ውስጥ የበግ ጠጉር መፍተል የጀመረች ልጅን እጅ ተመልከቱ። እንዝርቱን አብዝታ ስታሾረው ፈትሉ ይጠመዘዝና ይቋጠራል፤ ስታሳንሰው ላልቶ ይበጠሳል። እናቷ ሳትናገር ፈትሉ ራሱ ይነግራታል፤ ያውም ወዲያው፣ ያውም በየት በኩል እንደሳተች ለይቶ።

በዚያች ቅጽበት ትንሹ አንጎል ውስጥ ፑርኪንጄ የሚባሉት ሴሎች ሥራ ላይ ናቸው። አንዱ ሴል ስለ እጇና ስለ እንዝርቱ ከ100,000 በላይ ከሆኑ ቀጫጭን የነርቭ ጭረቶች ወሬ ይደርሰዋል። ከእነዚህ ሌላ እንደ ሐረግ የሚጠመጠምበት አንድ ብቻ ብርቱ ጭረት አለው። የታሰበውና የሆነው ሲለያዩ ይህ ሐረግ ምልክት ይልካል፤ በዚያው ሰዓት ሲሠሩ የነበሩት ግንኙነቶችም ይዳከማሉ። ጃፓናዊው ማሳኦ ኢቶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 በሙከራ ያሳዩት ይህንኑ መዳከም ነው። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ስህተቱ ያዳከመው እንጂ ያሳደገው ነገር የለም።

እርግጥ ነው፣ ኢቶም የመጨረሻው ቃል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ይህ መዳከም የታገደባቸው አይጦች እንቅስቃሴን እንደ ሌሎቹ ሲማሩ አሳይቷል። ሐረጉ የሚያደርሰው ስለ ስህተት ብቻ መሆኑም ያከራክራል፤ የግንኙነቶች መጠናከርም ድርሻ አለው። የትንሹ አንጎል አስፈላጊነት ግን አያጠራጥርም። እይታን ወደ ጎን የሚያዛባ መነጽር አድርጎ ዒላማ ላይ የሚወረውር ጤነኛ ሰው ከጥቂት ውርወራ በኋላ ይስተካከላል። ትንሹ አንጎላቸው የተጎዳ ብዙ ሕመምተኞች ግን ደጋግመው ይስታሉ፤ አይታረሙም። ስህተትማ ሞልቷቸዋል!

«15 በመቶ መሳሳት ለመማር ይበጃል» የምትለዋም እ.ኤ.አ. በ2019 ከታተመ ስሌት የተወሰደች ናት። ስሌቱ ከሁለት አንዱን ለመለየት ለሚደረግ ልምምድ እንጂ በአንኮበር ቁልቁለት መኪና ለሚለማመድ ሰው አልወጣም።

ስህተት ብቻውን እንደማያርም ከትምህርት ቤትም ማየት ይቻላል። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመንን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለተፈታኞቹ ውጤቱ የተነገራቸው ከወራት በኋላ፣ በየትምህርቱ በድምሩ ነው። የፈተና እውቀት በትንሹ አንጎል ብቻ አይያዝም፤ ቢሆንም የትኛውን ጥያቄ እንደሳተ ያልተነገረው ልጅ ምኑን ያርም? ደብረ ብርሃንም ሆነ ሌላ ቦታ የምታስተምሩ መምህራን፣ ቢያንስ የክፍል ፈተናውን ወረቀት በማግስቱ አርማችሁ ለልጆቹ መልሱላቸው።