ስለ አንድ የኢጣልያ ታላቅ ፊልም

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ መንገደኛ የሁምቦን አገር በሚያልፍበት ጊዜ በስተ ምሥራቅ በኩል ቀላ ያለውን የአባያን ውሃ ያያል። ኢጣልያዊው ሻምበል ቪቶርዮ ቦቴጎ በ1888 ዓ.ም.፥ ይኸውም የዓድዋ ድል በሆነበት ዓመት፥ ወደዚህ ሐይቅ ደርሶ በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ ብሎ ሰየመው። በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ግን ከጥንት ጀምሮ የሚጠራበት ስም ነበረው። ለዚሁ ሰው በትውልድ ከተማው በፓርማ የቆመለት ሐውልት፥ እርሱን ከላይ አቁሞ ሁለት አፍሪካውያንን ከእግሩ በታች ያሳያል። እነዚህም ሰዎች የኦሞና የጁባ ወንዞች ምሳሌ ናቸው ይባላል።

ስለዚህ አንድ የታወቀ የኢጣልያ የሲኒማ ሠሪ አባቶቹ በኢትዮጵያ ያደረጉትን ሊያሳይ በተነሣ ጊዜ ተመልካች ብዙ ነገር ቢጠብቅ አያስደንቅም። ጁልያኖ ሞንታልዶ በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያለ አግባብ ስለ ተገደሉት ስለ ሳኮና ስለ ቫንዜቲ መልካም ፊልም የሠራ ሰው ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፊልም ደግሞ «ለመግደል ጊዜ» የተባለ ሲሆን፥ ኤንዮ ፍላያኖ በ1947 እ.ኤ.አ. ካሳተመውና የመጀመሪያውን የስትሬጋ ሽልማት ካገኘው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ፍላያኖ ራሱ በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ሆኖ ኢትዮጵያ የዘመተ ነበር። ገንዘቡም፥ አሜሪካዊው ኒኮላስ ኬጅም፥ የኤንዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃም አልጐደለም።

የታሪኩ ነገር እንዲህ ነው። ጥርሱን የታመመ አንድ የኢጣልያ መቶ አለቃ ሐኪም ፍለጋ ሲሄድ አቋራጭ መንገድ ይይዛል፤ በወንዝ ዳር ማርያም የምትባል ኢትዮጵያዊት አግኝቶ ከእርስዋ ጋር ያድራል። ሌሊት አውሬ መጣ ብሎ የተኰሰው ጥይት እርስዋን አቈሰላት። ከዚያ በኋላ ራሱ ገደላትና ሬሳዋን ሸሸገ። የቀረው ሁሉ የመቶ አለቃው ፍርሃት ነው፤ ለምጽ ይዞኝ ይሆን፥ ይከሱኝ ይሆን እያለ ይጨነቃል። ሴቲቱ ገና በመጀመሪያው ትሞታለች፤ ካሜራውም ሲወዳት የነበረው ለመልክዋ እንጂ ለነፍስዋ አይመስልም። እንደ ፓርማው ሐውልት እርስዋም የወንዝ ምሳሌ ሆና ቀረች።

መጽሐፉ ምንም እንኳ ጉድለት ቢኖርበት ኀፍረቱን አይደብቅም። በፍጻሜው ማንም የከሰሰው ስላልነበረ ገዳዩ ሳይቀጣ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ የመጽሐፉም ብርታት ይኸው ነው። ፊልሙ ግን ይህን መራራ ነገር በፍቅር ማር ቀባው። እዚህ ላይ ካህናት አንባቢዎች የሚታዘቡት ነገር አለ፤ በመጽሐፉ ውስጥ የሴቲቱ ነጭ ጥምጥም የለምጻም ምልክት ተደርጎ ተቈጥሯል፤ በአገራችን ግን ነጭ ጥምጥም ከሁሉ በፊት የሚያሳስበው ቄስን ነው። ርእሱም ቢሆን የመክብብን ቃል የሚያስታውስ ነው፤ ሰባኪው ግን ከመግደል አጠገብ መፈወስን አኑሮ ነበር።

በኢጣልያ ወታደርና በኢትዮጵያዊት ሴት መካከል የነበረው ነገር እውነተኛ መልክ ምን እንደ ነበር ለማወቅ የራሳቸውን ሕግ ማንበብ ይበቃል። የየካቲት 12 እልቂት ከሆነ ሁለት ወር ሳይሞላ በሚያዝያ ወር 1929 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ፥ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ኢጣልያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ያዛል። የተከለከለው ሴቲቱን እንደ ሚስት አክብሮ መኖር ነበር እንጂ እርስዋን ማዋረድ አልነበረም። ይህን አዋጅ የሚያውቅ ሰው የፊልሙን ፍቅር እንዴት አድርጎ ያምናል?

ሌላው ቅሬታ የምድሩ ነገር ነው። ኢትዮጵያ የተባለው በዚምባብዌ የተነሣ ሥዕል ነው። የዳሞታን ተራራ፥ የእንሰቱን ጓሮ፥ የሁምቦን ቈላ የሚያውቅ ሰው በሥዕሉ ላይ የአገሩን ምድር ፈልጎ አያገኝም። ወላይታ የወራሪውን ዘመን በዐይኑ ያየ አገር ነው፤ የአጋር ጦር ሶዶ የገባው በግንቦት 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲሆን በዚያም የኢጣልያ ጄኔራሎች ተማርከዋል። የዚያን ዘመን እናቶችና አባቶች ታሪክ የሚያሳይ ፊልም ግን ከሞንታልዶ አልመጣም፤ ሐይቁን የሚያውቁት የሁምቦ ሰዎችም ዛሬ አባያ ይሉታል እንጂ ማርጌሪታ አይሉትም።